ኮለሩ ከሙዚቃው ለምን ይቀድማል?

በሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ፣ በኒው ኢንግላንድ፣ ኮንትራ ዳንስ የሚባል የቆየ ባህላዊ ጭፈራ አለ። ጨፋሪዎቹ በሁለት ረጃጅም ሰልፎች ፊት ለፊት ይቆማሉ። ቫዮሊኑ ሲጀምር ኮለር የሚባለው መሪ የእንቅስቃሴውን ተራ በማይክሮፎን እየጠራ ያስጨፍራቸዋል። ምንም ያልተለማመደ እንግዳ ገብቶ መጨፈር የሚችለው በእሱ ነው። ታዲያ ኮለርነት እንዴት ይለመዳል?

መጀመሪያ መቁጠር ነው። የሙዚቃው አንድ ዙር ብዙውን ጊዜ 64 ምት ሲሆን ግማሽ ደቂቃ ያህል ይፈጃል። እጅ ለእጅ ተያይዞ ወደ ግራ መዞርን የመሰለ እንቅስቃሴ 8 ምት ይወስዳል። ዙሩ ሲያልቅ እያንዳንዱ ጥንድ አንድ ቦታ አልፎ ከአዲስ ጥንድ ጋር ይገናኝና ያው ጭፈራ ይደገማል።

ጀማሪ ኮለር በብዛት የሚሳሳተው እንቅስቃሴው ሲጀመር በመናገሩ ነው። ታክሲ ውስጥ «ወራጅ አለ» የሚባለው ፌርማታው ሳይታለፍ ነው፤ ጥሪም እንዲሁ ነው። ጨፋሪው ያለውን እንቅስቃሴ ሲያገባድድ፣ ከ5ኛው እስከ 8ኛው ምት ባለው ጊዜ፣ ቀጣዩ ተጠርቶ ማለቅ አለበት። ስለዚህ ጥሪው አጭር፣ ተራውም የተጠበቀ ይሁን፦ ከማን ጋር፣ በየትኛው እጅ፣ ምን። ከማን ጋር እንደሆነ ያላወቀ ሰው እጁን ወዴት ይዘረጋል?

ትምህርቱ የሚሰጠው ሙዚቃው ሳይጀመር፣ ጭፈራውን አንድ ሁለት ጊዜ በእርምጃ በማስኬድ ነው። ያኔ ከአዟዟሩ ይልቅ ማብቂያው ይነገር፦ ማን በቀኝ፣ ፊት ወዴት። አዟዟር ቢበላሽ ችግር የለውም፤ ማብቂያውን የሳተ ግን ቀጣዩንም ይስታል።

ቤት ውስጥ ለመለማመድ አራት ኩባያ ይበቃል፤ ሁለቱ አንድ ቀለም፣ ሁለቱ ሌላ። ጆሯቸው ፊት የዞረበትን ያሳያል። ሙዚቃ ከፍቶ፣ ጮክ ብሎ እየጠሩ ኩባያዎቹን ማንቀሳቀስ ነው። አንደኛው ኩባያ ያለቦታው ከተገኘ የጠፋው ጥሪ የቱ እንደሆነ ወዲያው ይታያል።

ጨፋሪው ጭፈራውን ሲይዘው ጥሪው እያጠረ ሄዶ ይቆማል፤ የኮለሩ ዓይን ግን ከሰልፉ አይነሳም። የተደናገረ ሲያይ በአንድ ቃል ይመልሰዋል። ለመጀመሪያ ቀን ልምድ ያለው ኮለር በሚመራው ምሽት መሃል አንድ ቀላል ጭፈራ ለምኖ ማስጨፈር ይበቃል።