ሞክሼዎች

ሁለት ሰዎች በአንድ ስም የሚጠሩ ሲሆኑ እርስ በርሳቸው «ሞክሼ» እንደሚባባሉ ታውቃላችሁ። ጥሪው የወዳጅነት ጥሪ ነው። ነገር ግን የስም መመሳሰል ሰዎቹን አንድ አያደርጋቸውምና፥ ስለዚሁ ጉዳይ ጥቂት ማስረዳት ይገባናል። ለምሳሌ እንዲሆነን «አበበ» የሚለውን ስም እንውሰድ።

አበበ ማለት አበባ አወጣ፥ ፈካ ማለት ነው። ወላጅ ይህን ስም ሲያወጣ ለልጁ መልካም ዕድል ይመኛል እንጂ፥ ልጁ ወደፊት የሚይዘውን ሥራ አያውቅም። ስለዚህም በዚህ ስም የተጠሩ ሰዎች በልዩ ልዩ መንገድ ሄደዋል።

ራስ አበበ አረጋይ በ1928 ዓ.ም. ጠላት አዲስ አበባን በያዘ ጊዜ ወደ ሸዋ ገጠር ወጥተው አምስቱን ዓመት በአርበኝነት ተዋጉ። ከነጻነት በኋላም በሚኒስትርነት ሲያገለግሉ ኖረው፥ በታኅሣሥ ወር 1953 ዓ.ም. በተደረገው የመንግሥት ግልበጣ ሙከራ ተገደሉ። የክብር ዘበኛው ወታደር አበበ ቢቂላ ደግሞ፥ ያ ሁኔታ ከመድረሱ ሦስት ወር ያህል ቀደም ብሎ፥ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮም ከተማ የማራቶንን ሩጫ በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ አሸነፈ፤ በ1957 ዓ.ም. በቶኪዮ ድሉን ደገመው። ስሙ ለሴት ሲሆን አበበች ይባላል። ወይዘሮ አበበች ጎበና በ1970ዎቹ ዓመታት በወሎ ረኃብ ወላጆቻቸውን ያጡ ሕፃናትን ወደ ቤታቸው አምጥተው ማሳደግ ጀመሩ፤ ድርጅትም አቋቁመው በ2013 ዓ.ም. እስካረፉ ድረስ የብዙ ልጆች እናት ሆነው ኖሩ።

እነዚህን ሰዎች ሥራቸው ይለያቸዋል። ሞክሼዎች በአንድ ሙያ ሲገናኙስ? አበበ ቢቂላ በ1955 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር በቦስተን ማራቶን ሮጦ አምስተኛ ወጣ። በዚያው ውድድር በ1981 ዓ.ም. ያሸነፈው ሯጭም አበበ ነው፤ ይኸውም አበበ መኮንን ነው። የአባት ስም ባይጨመር ኖሮ የአንዱ ድል ለሌላው በተቈጠረ ነበር።

በብዙ የውጭ አገሮች አንድ የቤተ ዘመድ ስም ከአያት ወደ አባት፥ ከአባትም ወደ ልጅ ይተላለፋል። በእኛ ልማድ ግን የሰው ዋና ስሙ የራሱ ስም ነው፤ የአባት ስም የሚከተለው ሰውየው የማን ልጅ እንደ ሆነ ለማስታወቅ ነው። ስለዚህ አበበ ከበደ የሚባሉ ሁለት ሠራተኞች በአንድ መሥሪያ ቤት ቢገኙ፥ የሚለያቸው የአያት ስም ነው።

ሌላም ችግር አለ። የአማርኛ ፊደልም ሞክሼ አለውና፥ ሀ ሐ እና ኀ፥ ሰ እና ሠ፥ አ እና ዐ በድምፅ አንድ ሆነው በመልክ ይለያያሉ። በቅጥር ደብዳቤው «ኃይሉ» የተባለ ሰው በጡረታ መዝገብ «ሀይሉ» ተብሎ ቢጻፍ፥ አንባቢ አንድ ሰው መሆኑን ይረዳው ይሆናል። ኮምፒዩተር ግን ፊደሉን ያያል እንጂ ድምፁን አይሰማም፤ ካልታዘዘ በቀር ሁለት ሰዎች አድርጎ ይቈጥራቸዋል። ሠላሳ ዓመት ያገለገለ ሰው በአንዲት ፊደል ምክንያት «ማስረጃ አምጣ» እየተባለ ከመስኮት ወደ መስኮት ይመላለሳል።

እንግዲህ እናንተ መዝገብ የምትይዙ ሁሉ፥ የባለጉዳዩን ስም ስትጽፉ በቀድሞው ማስረጃው ላይ እንዳለው ፊደል በፊደል ጻፉት፤ የአባቱንና የአያቱንም ስም አትተዉ፤ ከመፈረማችሁም በፊት ለባለቤቱ አሳዩት። ይህ የሚፈጀው አንድ ደቂቃ ያህል ነው። ባለጉዳዩ ግን የዕድሜውን ድካም ዋጋ የሚያገኘው በዚያች በተጻፈች ስም ነው።