ዝናቡ ሲያባራ ልጆቹን ወዴት እንውሰዳቸው?

ትምህርት ቤት በተዘጋ በሳምንቱ የልጆች ጥያቄ አንድ ነው፤ «ዛሬ የት እንሄዳለን?» ይላሉ። የወላጅም መልስ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፤ «ዝናብ ነው፤ ጭቃ ነው፤ ገንዘብም የለም» ይባልና ልጁ ወደ ቴሌቪዥኑ ወይም ወደ ስልኩ ይመለሳል። ክረምቱም እንዲሁ ያልፋል።

እኛ ግን ሽርሽር ማለት ሶደሬ ወይም ላንጋኖ መውረድ ብቻ ነው የሚለውን አሳብ አንቀበለውም። አዲስ አበባ ለሚኖር ቤተ ሰብ ከአራት ኪሎ ተነሥቶ በአምስት ኪሎና በስድስት ኪሎ አድርጎ ወደ ሽሮ ሜዳ የሚወጣው አንድ መንገድ ለብዙ እሑዶች ይበቃል። ምሥጢሩ ሁሉን በአንድ ቀን ለመጨረስ አለመቸኰል ነው፤ ለአንድ እሑድ አንድ ቦታ ይበቃል። ዝናቡ ብዙ ጊዜ ከቀትር በኋላ ስለሚበረታ ጠዋት በሦስት ሰዓት ወጥቶ ለምሳ ቤት መግባት ነው። ስንቁም ጃንጥላ፣ ጥቂት ቆሎና የታክሲ ገንዘብ ነው።

የመጀመሪያው እሑድ የአራት ኪሎው የድል ሐውልት ይሁን። እዚያ ቆሞ ረጅም ንግግር ማድረግ አያስፈልግም፤ ልጁን ማስላት ይሻላል። የጣልያን ጦር አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ከስደት ተመልሰው የገቡት ደግሞ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው። «በመካከሉ ስንት ዓመት አለ?» ሲሉት ልጁ በጣቱ ቈጥሮ «አምስት» ይላል፤ የቀኑም መግጠም ያስደንቀዋል። አምስት ዓመት የታናሽ እኅቱ ዕድሜ መሆኑን ሲያስብ ደግሞ የመከራው ርዝመት ይገባዋል።

በሁለተኛው እሑድ አምስት ኪሎ ወዳለው ብሔራዊ ሙዚየም እንግባ። ድንቅነሽ በአፋር ሐዳር የተገኘችው በኅዳር 1967 ዓ.ም. ሲሆን ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ያህል ነው። ቁመቷ ግን ከአንድ ሜትር እምብዛም አይበልጥም። የሰባት ዓመት ልጅ ከእርሷ እንደሚረዝም ሲነግሩት መሳቁ አይቀርም። እግረ መንገዱንም ስለ ሰላም ይነገረው፤ ዶክተር ዘረሰናይ ዓለምሰገድ ከጓዶቻቸው ጋር በ1993 ዓ.ም. በዲኪካ ያገኟት ሰላም የሦስት ዓመት ያህል ሕፃን ነበረች። ልጅ የልጅን ነገር አይረሳም።

ሦስተኛው እሑድ ከበድ ይላል። ባለፈው ክረምት አንድ ጠዋት በስድስት ኪሎው የየካቲት 12 ሐውልት አጠገብ ስናልፍ አንድ ትንሽ ልጅ በሐውልቱ ላይ ወደ ተቀረጹት ሰዎች እያመለከተ «አባዬ፣ እነዚህ ሰዎች ለምን ወደቁ?» ሲል ሰማን። አባትየው ሰዓቱን ተመለከተና «ድንጋይ ነው፤ ና እንሂድ» አለው። ልጁም ሌላ አልጠየቀም።

አባትየውን ለመውቀስ አልደፈርንም። ከእኛስ መካከል በየቀኑ ወደ ሥራና ወደ ትምህርት ስንሮጥ በዚያ እያለፍን ቆመን ያየን ስንቶቻችን ነን? መልሱ ግን ከባድ አልነበረም። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ዛሬ ዩኒቨርሲቲ በሆነው ግቢ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ጣሉ፤ ፋሺስቶችም ለሦስት ቀን የከተማውን ሰው ጨፈጨፉ። ለሕፃን የጭካኔውን ዝርዝር መናገር አይገባም። «የከተማችን ሰዎች ናቸው፤ ያለ ጥፋታቸው ተገደሉ፤ ሐውልቱ የቆመው እንዳንረሳቸው ነው» ማለት በቂ ነው። የዘጋነው ጥያቄ ግን ተመልሶ አይመጣም፤ ልጁ የሚዘነጋው ሐውልቱን ብቻ ሳይሆን መጠየቅንም ነው።

ከዚህ በኋላ ልብ ቀለል እንዲል በአራተኛው እሑድ ወደ ሽሮ ሜዳ እንውጣ። ሸማኔ ፈቃዱን ከሰጠ ልጆቹ ዳር ቆመው መወርወሪያው ከግራ ወደ ቀኝ ሲመላለስ፣ ድርና ማግ ተገናኝተው ጨርቅ ሲሆኑ ይዩ። የአያታቸው ነጠላ ከየት እንደ መጣ በዚያ ይረዱታል።

ከሽርሽር ሲመለሱ ልጁን እንደ ፈተና መጠየቅ ደስታውን ያጠፋበታል። እራት ላይ «ለአያትህ ያየኸውን ንገራቸው» ማለት ይሻላል፤ እየተሳሳተም ቢሆን ይናገር።

ይህን ለማድረግ ባለጸጋ ወይም የታሪክ ምሁር መሆን አያስፈልግም። ወጣቱ የመንግሥት ሠራተኛ ከሳምንቱ አንድ ጠዋት ይቆጥብ፤ ለዕረፍት ቤቱ የገባው ተማሪም ታናናሾቹን አስከትሎ ይውጣ። የማያውቁት ጥያቄ ቢመጣ «አላውቅም፤ አብረን እንፈልገው» ማለት አያሳፍርም። ያገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ ነውና፣ የከተማችንን ነገር ለልጆቻችን ከእኛ በቀር ማን ይነግራቸዋል?