ስቲከሩ ተነስቶ ሙጫው ሲቀር

ከአዳማ ተነስቶ በዴራ በኩል ወደ አሰላ የሚወጣው መንገድ ኢተያን መሀል ለመሀል ሰንጥቆ ያልፋል። የሂጦሳ ወረዳ መቀመጫ የሆነችው ኢተያ የስንዴ አገር ናት። በመንገዷ ላይ እህል የጫነ አይሱዙ፣ ሰው የጫነ ሚኒባስ፣ ባጃጅ፣ በመኸር ወራት ደግሞ ኮምባይነር አይታጣም። ጋቢናቸው ባዶ አይደለም። የማርያም ወይም የጊዮርጊስ ሥዕል፣ የመካ ፎቶ፣ ጥቅስ፣ «ሂሳብ በቅድሚያ»፣ የስልክ ቁጥር፣ ሁሉም ዳሽቦርዱ ላይ ይለጠፋል። መኪናው ሲሸጥ፣ ታሪፉ ሲቀየር ወይም ሥዕሉ በፀሐይ ሲነጣ ስቲከሩ ይነሳል፤ ሙጫው ግን ይቀራል።

«ቤንዚን ነካ አድርግበት፣ ይለቅልሃል» የሚለው ምክር የሚመጣው ይሄኔ ነው። መልቀቁንስ ይለቃል። ነገር ግን ሙጫውን ያሟሟ ቤንዚን ከሥሩ ያለውንም ፕላስቲክ ሳይነካ አያልፍም። መጀመሪያ የሚያብለጨልጭ ነጠብጣብ ይታያል፣ ሲደርቅ ነጭ ደመና ይሆናል፣ እየቆየ ይሰነጠቃል። ሙጫ በትዕግሥት ይወጣል፤ የቀለጠ ዳሽቦርድ ግን በምንም አይመለስም። ከዚያ የሚብሰው እሳቱ ነው። ቤንዚን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ገደማ በሆነ ብርድ እንኳ ሊቀጣጠል የሚችል ተን ይሰጣል። ተኑ ከአየር ስለሚከብድ ከወንበር ሥር ይተኛል፤ በተዘጋ ጋቢና ውስጥ አንዲት ብልጭታ ትበቃዋለች። ነጭ ጋዝና ናፍጣ የቤንዚንን ያህል ፈጥነው ባይቀጣጠሉም ሽታቸው ለሳምንታት ከመኪናው አይወጣም።

የስቲከር ሙጫ እንደ አናጺ ሙጫ ደርቆ የሚይዝ አይደለም። በፈሳሽና በጠጣር መካከል ያለ ነገር ነው፤ ሲጫኑት ማር ይመስል ቀስ እያለ ይፈስና ዳሽቦርዱ ላይ ባሉት ጥቃቅን ጉድጓዶች ውስጥ ይገባል። አንድ ሳምንት የቆየው በቀላሉ ሲነሳ ሁለት ዓመት የቆየው አልላቀቅ የሚለው ለዚህ ነው። የዚህ ዓይነቱ ሙጫ ታሪክ ራሱ ከመኪና ጋር የተያያዘ ነው። በአሜሪካ የመኪና ቀለም ቀቢዎች ሁለት ቀለም ለመለየት ጋዜጣ በሙጫ እየለጠፉ ይሠሩ ነበር፤ ጋዜጣው ሲነሳ ቀለሙንም ይዞ ይነሳባቸዋል። ሪቻርድ ድሩው የተባለ የስሪኤም ኩባንያ ሠራተኛ ይህን አይቶ ነው በፈረንጆቹ 1925 ቀለም ሳይልጥ የሚላቀቀውን የቀቢዎች ፕላስተር የፈጠረው። በ1935 ደግሞ ስታንተን ኤቨሪ በሎስ አንጀለስ ውሃ ሳይነካው የሚለጠፈውን ስቲከር ለገበያ አቀረበ።

ደጋው የራሱን ችግር ይጨምርበታል። ኢተያ ከባሕር ጠለል ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተቀመጠች ናት። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ደግሞ የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ይህ ጨረር ሙጫውን ያጠነክረዋል፣ ቢጫ ያደርገዋል፤ ፕላስቲኩንም ያደርቀዋል። በኅዳርና በታኅሣሥ ደግሞ ከአውድማ የሚነሳው እብቅና አቧራ በሙጫው ላይ ይሰፍራል። የስንዴ ገለባ ከአሸዋ ጋር የሚዛመደው ሲሊካ ስላለበት፣ በዚያ ላይ ደረቅ ጨርቅ ማሸት ዳሽቦርዱን በብርጭቆ ወረቀት ማሸት ነው። ስለዚህ ከሁሉ በፊት አቧራው በእርጥብ ጨርቅ ይነሳ።

ቀጥሎ ፕላስቲኩን ማወቅ ነው። ከተሳፋሪው ፊት ያለውን የዕቃ ማስቀመጫ ክዳን ክፈቱና ከውስጥ በኩል አስተውሉ። በብዙ መኪኖች ላይ በሁለት ቀስት መካከል በላቲን ፊደል የተቀረጸ ትንሽ ምልክት አለ። ፒፒ የሚል ከሆነ ፖሊፕሮፒሊን ነው፤ ይህ ብዙ ነገር ይችላል። ኤቢኤስ የሚል ከሆነ ግን አሴቶንና ቲነር ያቀልጡታል፤ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያም ብዙ ጊዜ አሴቶን ነው። ከፍጥነት መቁጠሪያው ፊት ያለው ብርሃን አስተላላፊ ክዳን ከሁሉም ይበልጥ ስስ ነው፤ ለብ ካለ ውሃና ከሳሙና ሌላ ምንም ባይነካው እመርጣለሁ። ሲነኩት ጎማ ጎማ የሚል ቅብ ያለበት ቦታ ላይም አልኮል ቅቡን ይልጠዋል።

ሥራው የሚጀምረው በሙቀት ነው። መኪናውን ቀትር ላይ ፀሐይ ውስጥ ማቆም ይበቃል፤ ካልሆነም በበራድ በሞቀ ውሃ ጨርቅ ነክሮና አጥብቆ ጨምቆ ሙጫው ላይ ለጥቂት ደቂቃ ማሳረፍ። ውሃው ከኤርባግ ክዳንና ከማብሪያ ማጥፊያ ቁልፎች ይራቅ። ሙጫው ሲለሰልስ በአውራ ጣት ከዳር ወደ መሀል እየገፉ ማንከባለል ነው፤ እየተጠቀለለ ግራጫ ትል ይሠራል፣ ትሉ ደግሞ ከሥሩ ያለውን እየሳበ ይዞ ይነሳል። ጥፍር ካልበቃ ጊዜው ያለፈበት የኤቲኤም ካርድ ጥሩ መፋቂያ ነው። ምላጭና የሽቦ መፈግፈጊያ ግን አይነኩም፤ የጫሩት መስመር ፀሐይ ባረፈበት ቁጥር ይታያል።

ለሚቀረው ስስ ሽፋን ቅባት ያስፈልጋል። ከሱቅ የሚገዛ ቫዝሊን ለዚህ ምቹ ነው፤ አይፈስም፣ ቀጥ ባለ የበር ፕላስቲክ ላይም ባለበት ይቆያል። ሩብ ሰዓት ያህል ተቀብቶ ሲቆይ ወደ ሙጫው ዘልቆ ይዞታውን ያላላል። የበሩን የጎማ መዝጊያ ግን አይንካ፤ ጎማውን ያሳብጠዋል። የምግብ ዘይትም ይሠራል። የኑግ ዘይት ከተጠቀማችሁ ግን አንዲት ጠብታ ሳትቀር ጥረጉት፤ አየር ሲያገኘው እየቆየ ራሱ ይጣበቃል። አርሲ ተልባ በደንብ የሚበቅልበት አገር ነውና የተልባ ዘይት በእጁ ያለ ሰው ሊኖር ይችላል፤ እሱን ተዉት። የተልባ ዘይት ደርቆ የሚጠነክር፣ የቀለም መሥሪያ ዘይት ነው፤ በእሱ የራሰ ጨርቅ ተጠቅልሎ ከተቀመጠም ራሱን አሙቆ ሊቀጣጠል ይችላል። በየጓሮው ያለው ባሕር ዛፍ ዘይቱም ሙጫ አሟሚ ነው፤ ነገር ግን ኤቢኤስንም ሊነካ ስለሚችል በፒፒ ላይ፣ ያውም በጠብታ ካልሆነ አልመክርም።

ከቅባቱ በኋላ በፈሳሽ ሳሙና ታጥቦ ይደርቃል። አሁንም የሚያጣብቅ ነገር ካለ፣ ከኮሮና ወዲህ ከየቤቱ ያልጠፋው 70 በመቶ አልኮል ይጨርሰዋል። እዚህ ላይ ፀሐዩ አይፈለግም፤ ጥላ ውስጥ፣ በሮቹ ተከፍተው፣ ሞተሩ ጠፍቶ ይሠራል። አልኮሉ ዳሽቦርዱ ላይ አይፈስስም፣ ጨርቁ ላይ ነው የሚደረገው፤ ጨርቁም በየጊዜው ወደ ንጹሕ በኩሉ ይገለበጣል፣ አለበለዚያ ሙጫውን ከቦታ ቦታ ማዛወር ይሆናል። አስቀድሞ ዓይን በማያርፍበት ጥግ መሞከር አይቅር። ጨርቁ የዳሽቦርዱን ቀለም ይዞ ከተነሳ ሥራው እዚያው ይቁም።

የማይነሳ ስቲከርም አለ። ስለ ኤርባግ የሚያስጠነቅቀው፣ በሾፌሩ በር ጎን ላይ ያለው የጎማ ንፋስ ልክ፣ ኮምባይነር ላይ እጅ እንዳይገባ የሚከለክለው፣ እነዚህ የሰው ሕይወት የሚጠብቁ ናቸው። በመኸር ጥድፊያ ከእርሻ እርሻ የሚዞር ኮምባይነር ሲጸዳ ማስጠንቀቂያው አብሮ ከተነሳ፣ ለሚቀጥለው ረዳት አደጋውን የሚነግረው የለም።

ሥዕሉንም ጥቅሱንም አትለጥፉ አልልም፤ ሾፌር ውሎው እዚያው ጋቢናው ውስጥ ነው። ከዳሽቦርዱ ይልቅ ግን እይታ በማይከልል የመስታወት ጥግ ላይ ለጥፉት። ከመስታወት ላይ ሙጫ በአልኮልም በምላጭም ያለ ጉዳት ይነሳል፤ ቦሎም ቢሆን የሚለጠፈው መስታወት ላይ ነው።