ትራክተር አልነሣ ሲል፤ ስለ ባትሪና ስለ ሞተሪኖ

ለገበሬ ጊዜ ማለት እህል ነው። ዝናም ከጣለ በኋላ መሬቱ ለማረሻ የሚመቸው ለጥቂት ቀን ነውና በሰኔ ያለ ሥራ የዋለ ትራክተር በኅዳር ከጎተራ ይጎድላል። በጋይንት፥ በስማዳና በእስቴ ተዳፋት ላይ የሚያርሰው በሬ ነው፤ ከጉና ተራራ ወደ ምዕራብ ወርዶ ፎገራ ሜዳ የደረሰ ሰው ግን ትራክተር ሲያርስ ያያል። በአገራችን ለብዙ ዘመን ካረሱት ትራክተሮች ማሲ ፈርጉሰንና ቤላሩስ የታወቁ ናቸው፤ ቤላሩስም በናዝሬት፥ በዛሬይቱ አዳማ፥ ይገጣጠም ነበር።

አሮጌ ትራክተር ጧት አልነሣ ሲል መጀመሪያ የሚሰማው ፍርድ «ባትሪው ሞቷል» የሚል ነው። ባለቤቱም ገንዘብ ተበድሮ አዲስ ባትሪ ይገዛል፤ ትራክተሩ ግን ብዙ ሳይቆይ እንደገና እንቢ ይላል። ይህ የሚሆነው ጥፋቱ ሳይመረመር ስለ ተፈረደ ነው። ስለዚህ እንዴት እንደሚመረመር ባጭሩ እንመልከት።

የናፍታ ሞተር እንደ ቤንዚን ሞተር ካንዴላ የለውም። ናፍታው የሚቀጣጠለው በሲሊንደሩ ውስጥ አየር በኃይል ታምቆ እጅግ ሲግል ነው። ስለዚህ ሞተሩ እስኪነሣ ድረስ በብርታትና በፍጥነት መዞር አለበት። ይህን የሚያደርገው ሞተሪኖው ነው። ኤሌክትሪኩ ከባትሪው ፖዘቲቭ ተነሥቶ በወፍራም ገመድ ወደ ሞተሪኖው ይሄዳል፤ ከሞተሪኖው ወደ ሞተሩ አካል ያልፋል፤ ከዚያም መካኒኮች «ማሳ» በሚሉት ገመድ ወደ ባትሪው ኔጋቲቭ ይመለሳል። (ይህ ማሳ የሚታረሰው ማሳ አይደለም፤ ቃሉ ከጣልያንኛ የመጣ ነው።) ከዚህ ክብ መንገድ አንዱ ስፍራ ቢበላሽ ሥራው ሁሉ ይቆማል።

በደጋ አገር ሥራው ይበልጥ ይከብዳል። እንደ ነፋስ መውጫ ባለ ከ3,000 ሜትር በላይ በሆነ ስፍራ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ 70 በመቶ ያህል ብቻ ነው። በብርድ ጧት ዘይቱ ይወፍራል፤ በባትሪው ውስጥ ያለው ኬሚካዊ ሥራም ይዘገያል። በቆላ የማይታወቅ ትንሽ ጉድለት በደጋ ትራክተሩን ያቆመዋል።

ብዙ ሰው የሚደነቅበት ነገር አለ፤ ይኸውም መብራቱ ደምቆ እየበራ ሞተሪኖው አለመዞሩ ነው። ምክንያቱ በትምህርት ቤት በምንማረው በኦም ሕግ ይታወቃል። በባትሪው ጫፍ ላይ ዝገት ተቀምጦ የአንድ ኦም መቶኛ ያህል ተቃውሞ ፈጠረ እንበል። አንድ የፊት መብራት 4 አምፔር ያህል ይወስዳልና በዝገቱ ላይ የሚጠፋው 0.04 ቮልት ብቻ ነው፤ ዓይን አያየውም። ሞተሪኖው ግን 300 አምፔር ሲጠይቅ በዚያው ስፍራ 3 ቮልት ይጠፋል። ከ12 ቮልት 3 ከጠፋ ሞተሪኖው ኃይል ያጣል። እንግዲህ መብራት መብራቱ የመንገዱን ደኅንነት አያረጋግጥም።

ምርመራው እንዲህ ነው። ማርሹን ልቀቁ፤ መብራቱን አብሩ፤ ቁልፉን አዙሩና ተመልከቱ።

1ኛ፤ መብራቱ ሳይደክም ከሞተሪኖውም ድምፅ ካልተሰማ ኤሌክትሪኩ እዚያ አልደረሰም ማለት ነው። ቁልፉን፥ ቀጭኑን ሽቦና ሪሌውን ፈልጉ። በአንዳንድ ትራክተር ማርሹ ካልተለቀቀ ኤሌክትሪኩን የሚያግድ መጠበቂያ አለና እርሱንም እዩ።

2ኛ፤ «ቀጭ ቀጭ» የሚል ድምፅ ብቻ ከተሰማ፥ ወይም መብራቱ ፈጽሞ ከደከመ፥ ባትሪው ባዶ ነው፤ አለዚያም ማሰሪያው ላልቷል ወይም ዝጓል። ሞተሪኖው ራሱ ታንቆም ይሆናል።

3ኛ፤ ሞተሪኖው ብቻውን እየጮኸ ቢዞርና ሞተሩ ቢቆም፥ የሞተሪኖው ጥርስ ከትልቁ ጥርስ ጋር አልተያያዘም።

4ኛ፤ ሞተሩ በደንብ እየዞረ ካልተነሣ ጥፋቱ የኤሌክትሪክ አይደለም። ናፍታውን፥ ማጣሪያውንና በቧንቧው የገባ አየር መኖሩን መርምሩ።

ባትሪውን በቴስተር መለካት ይቻላል። በ1859 እ.ኤ.አ. ፈረንሳዊው ጋስቶን ፕላንቴ የፈለሰፈው የእርሳስና የአሲድ ባትሪ ዛሬም በትራክተሩ ላይ ያለው ዓይነት ነው። ስድስት ክፍል አለው፤ እያንዳንዱ ከ2 ቮልት ጥቂት ይበልጣል። አርፎ ያደረ ሙሉ ባትሪ 12.6 ቮልት ያህል ያሳያል፤ 12.2 ከሆነ ግማሽ ያህል ነው፤ ከ12 በታች ከሆነ ባዶ ሊሆን ተቃርቧል። ሞልቶ ሳለ ሞተሪኖው ሲዞር ከ9.6 በታች የሚወርድ ከሆነ ባትሪው ደክሟል፤ ወይም ሞተሪኖው ከልክ በላይ እየሳበ ነው። ሞተሩ ከተነሣ በኋላ ወደ 14 ቮልት ካልወጣ ደግሞ ዲናሞውንና ቀበቶውን ተመልከቱ፤ አለዚያ አዲሱም ባትሪ እንደ አሮጌው ባዶ ይሆናል።

ከዚያ የቴስተሩን አንድ ጫፍ በባትሪው ፖዘቲቭ፥ ሌላውን በሞተሪኖው ወፍራም ገመድ መድረሻ ላይ አድርጋችሁ ቁልፉን ሌላ ሰው ያዙር። ከግማሽ ቮልት በላይ ካሳየ ጥፋቱ በመንገዱ ላይ ነው። በማሳውም በኩል እንዲሁ አድርጉ። ቴስተር የሌለው ሰው ጥቂት ጊዜ ከሞከረ በኋላ ቁልፉን ዘግቶ ማሰሪያዎቹን በእጁ ይዳስስ፤ የጋለው መጋጠሚያ ጥፋተኛው እርሱ ነው። ፈትቶ እስኪያበራ መፋቅና አጥብቆ ማሰር ብቻ ይበቃዋል።

ሲፈታ አስቀድሞ ኔጋቲቩ፥ ሲታሰር መጨረሻ ኔጋቲቩ ይሁን፤ መፍቻው የትራክተሩን አካል ቢነካ ብልጭታ እንዳይወጣ ነው። ባትሪ ሲሞላ የሃይድሮጅን ጋዝ ያወጣልና በአጠገቡ ክብሪት መጫር ፍንዳታ ያመጣል። ውሃው የጎደለበት ባትሪ የተጣራ ውሃ እንጂ የምንጭ ውሃ አይጨመርበትም፤ በምንጭ ውሃ ያለው ማዕድን ሰሌዳዎቹን ያበላሻል። በጋውን የሚቆም ትራክተር ባትሪው በየወሩ ይሞላ፤ ባዶውን የከረመ ባትሪ በሰሌዳዎቹ ላይ የተቀመጠው ጨው ይጠነክርና ሳይሠራ ያረጃል።

ከሁሉ የሚከፋ አንድ ልማድ አለ። መሬት ላይ ቆሞ የሞተሪኖውን ሁለት ጫፍ በካቻቢቴ ማገናኘት ነው። ይህ መጠበቂያውን ሁሉ ያልፋል፤ ማርሽ ውስጥ የቀረ ትራክተር እንደ ተነሣ ወደ ፊት ይሮጣል፤ ሰውየው የቆመውም በኋለኛው ጎማ ፊት ነው። በዚህ ምክንያት በብዙ አገር ሰዎች ሞተዋል። የአንድ ቀን እርሻ የሰው ሕይወት አያክልም።

በቤተ ልሔም የድጓ ተማሪ ዓመታት ተምሮ እንኳ ሳይፈተን «አውቃለሁ» ቢል ማንም አይቀበለውም፤ በመምህራን ፊት ቀርቦ ማስመስከር አለበት። ባትሪውም እንዲሁ ሳይመረመር ሞቷል አይባል። በብረት ብሩሽና በጥቂት ትዕግሥት የሚድነውን ነገር በብዙ ብር መለወጥ ጥበብ አይደለም።