ከፍርምባ አጥንት ጀርባ ያለው የደም ስር

የልብን ጡንቻ የሚመግበው የደም ስር ሲጠብ፣ ደሙ ጥበቱን አልፎ እንዲፈስ ሌላ የደም ስር ይቀጠላል። ይህ ነው ባይፓስ የሚባለው። የሚቀጠለው የደም ስር ከታማሚው ከራሱ አካል ይወሰዳል። ከእግር የሚወጣው በቀላሉ ይገኛል፤ ግን በ10 ዓመት ውስጥ ግማሽ ያህሉ ሊዘጋ ይችላል። ከፍርምባ አጥንት ጀርባ በግራ በኩል የሚወርደው ደም ቅዳ ግን ከ10 ዓመት በኋላም ከ10 ሰው በ9ኙ ክፍት ሆኖ ይገኛል።

ችግሩ የተቀመጠበት ቦታ ነው። በተለመደው ዘዴ እዚያ ለመድረስ ፍርምባው በመጋዝ ለሁለት ይሰነጠቃል። አጥንቱ እስኪገጥም ታማሚው ለሁለት ሦስት ወር ከባድ ነገር እንዳያነሳ ይታዘዛል። በጉራጌ፣ እምድብር ላይ እንሰት ነቅሎና ፍቆ ቆጮ ለሚያደርስ ቤተሰብ ይህ ቀላል ትእዛዝ አይደለም።

ፓሪስ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1998 ሐኪሞች ይህን የደም ስር በሮቦት ማውጣት ጀመሩ። ሮቦቱ በራሱ አይቆርጥም፤ ሐኪሙ ከአልጋው ራቅ ብሎ ተቀምጦ የሮቦቱን እጆች ያዝዛል። የግራው ሳንባ አየር እንዳይገባበት ይደረግና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ደረት ውስጥ ይነፋል፤ በዚህም የሥራ ቦታ ይገኛል። በጎድን አጥንቶች መካከል በሚበሱ፣ አንድ ሳንቲ ሜትር እንኳ በማይሞሉ ሦስት ቀዳዳዎች ካሜራውና መሣሪያዎቹ ይገባሉ። ካሜራው አጉልቶ ያሳያል፤ ማሽኑ የእጅ መንቀጥቀጥን ያጣራል። ሁለት ሦስት ሚሊ ሜትር ብቻ የሚሰፋው ደም ቅዳ ከደረት ግድግዳ ቀስ እየተባለ ይላቀቃል፤ ቅርንጫፎቹ በክሊፕ ወይም በኤሌክትሪክ ሙቀት ይዘጋሉ። ላይኛው ጫፍ አጠገብ ድያፍራምን (የመተንፈሻ ጡንቻን) የሚያንቀሳቅሰው ነርቭ ስላለ እዚያ ጥንቃቄው ይበረታል። በአብዛኞቹ ማሽኖች ሐኪሙ የመሣሪያውን ጉተታ በጣቱ ስለማይሰማ በዓይኑ ብቻ ይመዝናል፤ ስለዚህ ረጅም ልምምድ ያሻዋል። ከዚያ በጎድን አጥንቶች መካከል በሚከፈት ጠባብ ቀዳዳ፣ ልብ እየመታ፣ ደም ቅዳው ከጥበቱ በታች ካለው የልብ የደም ስር ጋር ይሰፋል።

በእኔ እምነት ግን ለአገራችን ሮቦቱ የመጀመሪያው ጥያቄ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2009 በጥቁር አንበሳ ግቢ የተከፈተው የልብ ማዕከል በቁርጥማት ትኩሳት ልባቸው የተጎዳ ልጆች ወረፋ የሚጠብቁበት ነው። ሮቦት ይምጣ ከማለት በፊት የሰለጠነ ቡድን፣ ቋሚ በጀትና ቶሎ የመጣ ታማሚ ያስፈልጋሉ።

የመጨረሻው በእጃችን ነው። ዳገት ስትወጡ ደረታችሁን የሚጨምቅ፣ ወደ ግራ እጅ ወይም መንጋጋ የሚሄድ፣ ስታርፉ የሚተው ሕመም ካለባችሁ የጨጓራ ነው ብላችሁ አትለፉት። አጣጥ ሆስፒታልም ሆነ ወልቂጤ ሄዳችሁ ታዩ፤ ደም ግፊታችሁንና ስኳራችሁንም ተለኩ። ስታርፉም የማይተው ከሆነ ግን ወዲያውኑ ሂዱ።