ዒድ በጎግ፦ ልጆቻችን ምን ይዩ?

የዒድ ሶላት ተሰግዶ፣ ዘመድ አዝማድ ተጠይቆ፣ ምሳውም ተበልቶ ካበቃ በኋላ በየቤታችን አንድ ጥያቄ ይነሣል። አዲስ ልብስ የለበሱት ልጆች «የት እንሂድ?» ይላሉ። አባት ደክሞታል፤ እናትም ከምድጃው ዳር መነሣቷ ገና ነው። መልሱ ብዙ ጊዜ «እዚሁ ተጫወቱ» ይሆንና ቀኑ በቴሌቪዥን ወይም በሞባይል ስልክ ፊት ያልቃል። አዲስ አበባ ወይም ሐረር ለሚኖር ቤተሰብ ሙዚየም አለለት፤ የሥዕል ዐውደ ርእይም አያጣም። በጋምቤላ ክልል በጎግ ወረዳ፣ ፑኝዶ ከተማ ሱቅ ከፍቶ ወይም በመንግሥት ሥራ ተመድቦ የሚኖረው ሙስሊምስ ልጆቹን ወዴት ይውሰድ? በዚህ ጽሑፍ ይህንኑ ልንወያይበት ወድደናል።

«የሙስሊም ልጅ ቁርኣኑን ይቅራ እንጂ የባህል ትርኢት ምን ያደርግለታል?» የሚሉ ወገኖች አይጠፉም። ለእነዚህ ወንድሞቻችን ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡትን፣ እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) የተረከችውን ታሪክ ማስታወስ እንወዳለን። ቀኑ የዒድ ቀን፣ ቦታው መዲና የሚገኘው የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መስጊድ ነበር። ሐበሾች፣ አዎን የኛው አገር ሰዎች፣ ጦርና ጋሻ ይዘው እንደ ባህላቸው ይጫወቱ ነበር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዓኢሻን ከኋላቸው አቁመው በኩታቸው ከለሏት፤ እርሷም በትከሻቸው ላይ አሻግራ ተመለከተች። ዑመር (ረ.ዐ) ጨዋታውን ሊያስቆሙ ቢቃጡ እንዲተዉአቸው ተነገራቸው። ከዚህ ሁሉ እኛን ይበልጥ የሚገርመን ግን የቆይታው ርዝመት ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አላቻኮሏትም፤ ራሷ እስክትሰለች ድረስ ቆሙላት። ኋላም ስትተርከው፣ ጨዋታ የምትወድ ወጣት ልጅ ምን ያህል እንደምትቆይ አድማጮቿ ራሳቸው እንዲገምቱት ትታላቸዋለች። እኛ አባቶች ልጅ ይዘን አንድ ቦታ ስንሄድ አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ሰዓታችንን የምናይ ሰዎች ነን።

ወደ ጎግ እንመለስ። ወረዳው ከጋምቤላ ከተማ በስተደቡብ ያለ ሲሆን ፑኝዶ ለመድረስ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ መጓዝ ያስፈልጋል። የጊሎ ወንዝ ያልፍበታል። የአገሩ ነባር ነዋሪ አኝዋክ ነው፤ በወንዙ ዳርቻ በቆሎና ማሽላ ያመርታል፣ ዓሣ ያጠምዳል። ከ1980ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶም ፑኝዶ ከሱዳን ጦርነት የሸሹ ብዙ ሺህ ስደተኞችን አስጠግቷል። ሙስሊሙ በነጋዴነትና በመንግሥት ሠራተኝነት ከልዩ ልዩ አካባቢ ወደ ክልሉ የመጣ ነው፤ ከ1977ቱ ድርቅ በኋላ ከወሎ ተነሥተው በጋምቤላ የሰፈሩም አሉበት። የእነዚህ ሰፋሪዎች የልጅ ልጆች ዛሬ ወሎን በስም ብቻ ያውቁታል። የተወለዱበትን አገርስ ያውቁታል ወይ?

አጠገብ ለአጠገብ መኖርና መተዋወቅ አንድ አይደሉም። ደገኛው አኝዋኩን፣ አኝዋኩም ደገኛውን በቆዳ ቀለሙ ብቻ እየለየው ዓመታት ሊያልፉ ይችላሉ። በታኅሣሥ ወር 1996 ዓ.ም. በጋምቤላ ከተማ የብዙ አኝዋኮች ደም ፈሰሰ፤ በዚያ እልቂት ከወታደሮች ጋር የተሳተፉ የከተማው ደገኛ ነዋሪዎችም ነበሩ። አንድ ቀን የጎረቤትን ሸክላ ማየት እንዲህ ያለውን መዓት ይመልሳል ብለን አናጋንንም። ነገር ግን አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል ሑጁራት 13ኛ አንቀጽ በሕዝቦችና በነገዶች የከፈለን እንድንተዋወቅ መሆኑን ነግሮናል። ይህን አንቀጽ በቃሉ የሚያነበንብ ልጅ የጎረቤቱን ዕቃ ስም እንኳ ሳያውቅ ሲያድግ ጥፋቱ የልጁ አይደለም።

ታዲያ ምን አለ የሚታይ? በጎግ ትኬት የሚቆረጥበት የሥዕል አዳራሽ አንፈልግ። ከቤቶቹ እንጀምር። በአኝዋክ ግቢ የጭቃው ልስን ራሱ የእጅ ጥበብ ነው፤ በለሰለሰው ጭቃ ላይ ቅርጽ ይወጣበታል። ሸክላውን የሚሠሩት ሴቶች ናቸው። ቅሉ ውኃ መቅጃም ዕቃ ማስቀመጫም ይሆናል። የዓሣ ማጥመጃው ጦር አለ። ከሁሉ ይልቅ ግን ልጆች ስለ ዶቃው ቢጠይቁ እንወዳለን። ዲሙይ የሚባለው ሰማያዊ የመስታወት ዶቃ በአኝዋክ ዘንድ ለጥሎሽ የሚሰጥ ውርስ ነው። እንደ ልብ የሚገኝ ስላልሆነ ከቤተሰብ ወደ ቤተሰብ ይዞራል፤ ለእህት የተሰጠው ለወንድም ማግቢያ ይሆናል። እዚህ ላይ እናት ለሴት ልጇ የምትነግራት ቁም ነገር አላት። በኛ ሃይማኖት መህር ለሙሽራዋ ለራሷ የሚሰጥ ሐቅ ሲሆን ዲሙዩ ግን ለቤተሰቧ የሚሰጥ ነው። ልጅቷም «ለምን?» ማለቷ አይቀርም። እንዲህ ያለ ጥያቄ ከመጽሐፍ ብቻ አይመጣም።

የአምስቱንም የክልሉ ነባር ብሔረሰቦች፣ ማለትም የአኝዋክን፣ የኑዌርን፣ የመዠንግርን፣ የኦፖንና የኮሞን ሥራ በአንድ ቦታ ማየት የሚፈልግ ኅዳር 29 ቀን የሚከበረውን የብሔር ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ቀን ይጠብቅ። በ2008 ዓ.ም. የአገር አቀፉን በዓል 10ኛ ዙር ያስተናገደችው ጋምቤላ ከተማ ነበረች። መዠንግሮች ከግንድ ፈልፍለው ዛፍ ላይ የሚሰቅሉት የንብ ቀፎ ብቻውን ለአንድ ሕፃን የግማሽ ቀን ወሬ ይሆነዋል። እርግጥ በእንዲህ ያለ ቀን ዘፈንም መጠጥም ይኖራል። ዕቃዎቹ በሚታዩበት በጠዋቱ ሰዓት ሄዶ ቀትር ሳይሆን መመለስ ይቻላል። የጠላ ጋን ቢያዩ ልጆቹን ማሸሽ አያስፈልግም፤ ምን እንደሚጠመቅበትና እኛ ለምን እንደማንጠጣው መንገር ይበቃል።

የሥዕልና የሐውልትን ነገር የሚያነሡም አሉ። ነፍስ ያለውን ፍጡር በቅርጽ ስለ መሥራት ዑለሞቻችን በሰፊው ተናግረዋል፤ ከዚህ ገብተን ብይን ለመስጠት አንደፍርም። በሸክላ ገላ ላይ የሚሰመረው መስመር፣ የስፌቱ ቀለም፣ የዶቃው አሰካክ ግን ከዚያ ክርክር የራቁ ናቸው። የሐረር እናቶች የቤታቸውን ግድግዳ በስፌት ሲያስጌጡ የኖሩት በዚሁ ጥበብ ነው።

ሐረርን ካነሣን ዘንድ፣ ከጎግ ሩቅ ብትሆንም አንድ ነገር እንማርባት። ጀጎል በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብታለች። በውስጧ ያለው የሸሪፍ ሙዚየም በእጅ የተጻፉ ቁርኣኖችን፣ ሳንቲሞችን፣ አልባሳትንና ስፌቶችን ይዟል። ይህ ሁሉ የተጀመረው አብዱላሂ ሸሪፍ የተባሉ የከተማው ሰው በገዛ ቤታቸው ማጠራቀም በመጀመራቸው ነው። ሕንፃው የተገኘው ኋላ ነው።

በመሆኑም በፑኝዶም ሆነ በሌላ ከተማ ያለ ጀማዓ ለሚቀጥለው ዒድ አንድ ሰቀላ ወይም አንድ የመድረሳ ክፍል ቢያዘጋጅ ምን ይከብደዋል? አያት ያመጡት የወሎ ጋቢ ይሰቀል። ልጆች ፊደል የቆጠሩበት የእንጨት ሉሕ፣ ከጥላሸት የተበጠበጠው ቀለምና የመቃ ብዕሩ ይቀመጡ። አጠገባቸው የአኝዋክ ጎረቤት ሸክላና ቅል ይደርደር፤ ባለቤቶቹም በክብር ተጠርተው ስለ ዕቃቸው ራሳቸው ይናገሩ። እኛ ስለ እነርሱ ብንናገር ዋጋ የለውም። ሴቶችና ሕፃናት ተረጋግተው የሚያዩበት ሰዓት ይለይላቸው። የሚሸጥ ካለ ያለ ብዙ ክርክር ይገዛ፤ ሸክላ ለመሥራት የዋለውን ቀን የምታውቀው ሠሪዋ ናት።

ወቅቱም ይረዳናል። ዒድ በየዓመቱ ወደ 11 ቀን ያህል እየቀደመ ስለሚመጣ በእነዚህ ዓመታት ዒደል ፊጥር የሚውለው በበጋ ነው፤ መንገዱ በጭቃ አይያዝም። ሙቀቱ ግን ብርቱ ነውና በማለዳ መውጣት ይሻላል። በወረዳው ያለውን የታታን ሐይቅ ለማየት የሚሄድ ቤተሰብ አገሩን የሚያውቅ ሰው ይያዝ፤ ጊሎ ዳር ደግሞ አዞ ስላለ ልጅ ብቻውን ወደ ውኃ አይቅረብ። የወባ አገር ስለሆነ ሳይመሽ ቤት መግባት ነው። ወደ ሰው ግቢ ስንገባ ፈቃድ እንጠይቅ፤ ሳናስፈቅድ ፎቶግራፍ አናንሣ። ሸክላ የተገዛለት ልጅም በመኪና ሲመለስ ጭኑ ላይ አድርጎ ይያዘው፤ መንገዱ ኮረኮንች ነው።