ዕቃም ሰሞነኛ አለው

አዲስ ቤት የገባን ሰው ሊጠይቅ የሄደ እንግዳ ደጃፉን ሲረግጥ «ቤት ለእንቦሳ!» ይላል፤ ባለቤቱም «እንቦሳ እሰሩ!» ብሎ ይመልሳል። ምርቃቱ የተወለደው ጥጃ የሚታሰርበት ሰፊ ግቢ በነበረበት ዘመን ስለ ሆነ፣ ዛሬ በኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ፣ እንግዳው ጫማውን ከሚያወልቅበት እስከ ባለቤቱ አልጋ አራት እርምጃ በማይሞላበት ክፍል ሲነገር፣ ሰሚውን ፈገግ ማሰኘቱ አይቀርም። በ1996 ዓ.ም. ገደማ በቦሌ ገርጂ በሙከራ የተጀመረው የአዲስ አበባ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ግንባታ «ስቱዲዮ» የሚለውን ቃል በከተሜው አፍ አስለምዷል፤ ይኸውም ኩሽናውና መታጠቢያው ብቻ ተለይተው የቀረው ኑሮ ሁሉ በአንድ ክፍል የሚጠቃለልበት፣ ጠቅላላ ስፋቱም አብዛኛውን ጊዜ 30 ካሬ ሜትር ገደማ ወይም ከዚያ ያነሰ የሆነ ቤት ነው።

እኔም እንዲህ ያለውን ቤት በተከራየሁ ጊዜ የመጀመሪያ ስሕተቴ ሳልለካ መግዛቴ ነበር። ባለሦስት በር፣ ላዩ በመስታወት የተከደነ ቡፌ አስጭኜ ብመጣ፣ ጫኝና አውራጆቹ በብዙ ላብ ሁለተኛው ፎቅ ካደረሱት በኋላ ደረጃው በሚታጠፍበት ላይ ወደ ፊትም ወደ ኋላም አልል ብሎ ቆመ፤ ጎረቤቶችም ከላይና ከታች ተሰብስበው «አዘንብሉት»፣ «በቁመቱ አድርጉት» እያሉ ሲመክሩ ቆይተው፣ የማታ ማታ ወደ መጣበት ወርዶ በግማሽ ዋጋ ተሸጠ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይህ ነው።

ስለዚህ የሥራው ሁሉ መጀመሪያ ሜትር ነው። የክፍሉን ወርድና ቁመት ብቻ ሳይሆን የበሩን ስፋት፣ የደረጃውን መታጠፊያና የሶኬቶቹን ቦታ በወረቀት ማስፈር፣ ከዚያም አሮጌ ጋዜጣ ሊገዛ በታሰበው ዕቃ ልክ ቆርጦ ወለሉ ላይ አንጥፎ አንድ ቀን በመካከሉ ሲመላለሱ መዋል ብዙ ጸጸት ያድናል። ሦስት ሜትር ተኩል በአምስት በሆነ ክፍል፣ ወርዱ 1.50 ቁመቱ 1.90 ሜትር የሆነ አልጋ ከወለሉ አንድ ስድስተኛውን ያህል ሲወስድ፣ ወርዱ 1.20 የሆነው አንድ ስምንተኛ ያህል ይበቃዋል፤ ለመተላለፊያም 70 ሳንቲ ሜትር ያህል ካልተረፈ ነዋሪው ዕድሜውን በጎኑ ሲሄድ ይኖራል።

ቦታው ከተለካ በኋላ ለአከፋፈሉ ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያሻም። ክብ ሆኖ የሚታነጸው ቤተ ክርስቲያናችን በአንድ ጣሪያ ሥር ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስትና መቅደስ ተብሎ በሦስት ይከፈላል። ምድራዊውን ከሰማያዊው ማስተካከል አይሁንብንና፣ ስቱዲዮም ከደጅ ወደ ውስጥ በዚህ ሥርዓት ቢደራጅ ያምራል፦ በበሩ አጠገብ የጫማና የልብስ መስቀያ፣ በመስኮቱ በኩል መቀመጫና ጠረጴዛ፣ አልጋው ግን በደጅ የቆመ ሰው ዐይን በማያርፍበት ማእዘን ይሁን። በአልጋው ፊት የአግሮስቶን ግድግዳ ያቆመ ሰው የመስኮቱን ብርሃን ለራሱ ይከለክላል፤ ከጣሪያው ሥር የሚሳብ መጋረጃ ግን እንደ መንጦላዕት ማታ ይዘረጋል፣ ማለዳ ይሰበሰባል።

ከአከፋፈሉ ይልቅ ግን የጠባብ ቤት ምሥጢር በተራ ላይ ያለ ይመስለኛል። የአንድ ደብር ካህናት ሁሉ ባንድነት አይቀድሱም፤ ሰሞነኛው ሲያገለግል ሌላው ተራውን ይጠብቃል። ዕቃም እንዲሁ ሰሞን አለው። የኤሌክትሪክ ምጣዱ በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ቀን ቢያገለግል ነው፤ ረከቦቱ ከነጀበናውና ከነስኒዎቹ በቀን አንድ ሰዓት ያህል ይወጣል፤ ወፍራሙ ብርድ ልብስ የክረምት፣ የእንግዳው ፍራሽ የበዓል አገልጋይ ነው፤ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ጀሪካን ብቻ ዘወትር ተረኛ ነውና ከመታጠቢያ ቤቱ በር ኋላ ቋሚ ማዕረግ ይሰጠው። ሰሞኑ ያልደረሰ ዕቃ ዕቃ ቤት ይግባ፤ ዕቃ ቤቱም እግሩ ከፍ ተደርጎ የተሠራው አልጋ ሥርና ከበሩ በላይ ያለው ቆጥ ነው። አንዱ ዕቃ የሌላውንም ተራ ደርቦ ሊይዝ ይችላል፤ ታላላቅ ሕንፃዎችን የነደፈው ለ ኮርቡዚዬ እ.ኤ.አ. በ1952 ለራሱ በፈረንሳይ የባሕር ዳርቻ ያሠራት ጎጆ 3.66 ሜትር በ3.66 ሜትር ብቻ ነበረች፤ በዚያችም ጎጆ በርጩማው የእንጨት ሣጥን ነበር።

ግድግዳው ብሎኬት ከሆነ ውስጡ ባዶ ነውና በሚስማር ብቻ የተሰቀለ መደርደሪያ አንድ ሌሊት መውደቁ አይቀርም፤ ቀላሉን በፊሸር ማሰር፣ ከባዱን ከወለል ማስነሣት ይገባል። ቀለሙ ነጣ ያለ፣ መስታወቱም ከመስኮቱ ትይዩ ቢሆን ብርሃኑ ይበዛል። ሽንኩርት ሲቁላላ የኩሽናው በር ተዘግቶ መስኮቱ ይከፈት፤ አለዚያ መጋረጃውም ትራሱም የወጡን ሽታ ሳምንት ይዘው ይቆያሉ።

በእኔ ቤት ከመስኮቱ ሥር አንዲት ባዶ ስፍራ አለች፤ ያያት ሁሉ «እዚህ አንድ ነገር ግዛበት» ይለኛል። እሑድ ሲሆን ግን ቄጤማው የሚጎዘጎዘው፣ ረከቦቱ የሚቀርበው፣ «ቤት ለእንቦሳ» ብሎ የገባው እንግዳ በርጩማ ስቦ የሚቀመጠው በእርሷ ላይ ነው። ያ ቡፌ ደረጃውን አልፎ ቢሆን ኖሮ፣ የሚቆመው እዚያ ነበር።